የአማቼ ጋቢና የኮሚቴው ጥይት

እናንተዬ፣ ጥይት መርጣችሁ ታውቃላችሁ? በሬ መርጣችሁ ይሆናል፤ ጥርሱን ገልጣችሁ፣ ሻኛውን ዳብሳችሁ፣ ባለቤቱን በማርያም አስምላችሁ። የዘር ገብስ መርጣችሁም ይሆናል። ሚስት የመረጠም አይጠፋም፤ እኔ በዚያ በኩል ተመረጥኩ እንጂ አልመረጥኩም። ጥይት ግን መርጫለሁ። ስለዚህ «ምን አለበት፣ ያገኙትን አጉርሶ መሄድ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ደሜ ሲፈላ ደግሞ ወሬዬ አያልቅምና ይቅርታችሁን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ጋይንት ውስጥ ነው። ወረዳዋን አልጠራም፤ አለቆቼ ማንበብ ይችላሉ። ነፋሷ ከጉና ተነስቶ አጥንት ድረስ የሚገባ፣ ሰዎቿ ጋቢ ሳይደርቡ ደጅ የማይወጡባት አገር መሆኗን ብቻ ያዙልኝ። እኔ የፖሊስ ጣቢያው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ሥራዬ ቁልፍ መያዝ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ደግሞ ቁልፉን መፈለግ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ ባልደረቦቼን ጠይቁ።

አንድ ቀን ከላይ ትእዛዝ መጣ። ከላይ ስል ከሰማይ ማለቴ አይደለም፤ ኮማንደራችን ግን ቆመው ነው ያነበቡት። ገበያ የሚጠብቁ ፖሊሶች ክላሽ ትተው ሽጉጥ ይያዙ ይላል። ልክ ነው፤ ክላሽ ለገበያ አይሆንም። ሌባ ላይ ብትተኩስ ሌባውን አልፎ፣ የጨው ተራውን አልፎ፣ ከወንዝ ማዶ የተጠመደ በሬ ይጥላል። ሽጉጦቹ መጡ። የቀረው ጥያቄ ምን ይጉረሱ የሚለው ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት ጥይት ለናሙና ተላከልንና «ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አንድ አንድ ሰው አውጥተው፣ በጋራ ሞክረው፣ የሚሻለውን ያሳውቁን» ተባለ።

በእኛ ዘንድ ኮሚቴ የሚመረጠው በሌለበት ነው። ስሜ ሲጠራ እኔ ከስብሰባው ወጣ ብዬ ነበር፤ ወዴት እንደወጣሁ የጾም ሽምብራ የበላ ሰው ያውቀዋል። ስመለስ ቤቱ በጭብጨባ ተቀበለኝ። ሰው ያለ ምክንያት ሲያጨበጭብልህ መሮጥ እንደሚገባ ያኔ አላውቅም ነበርና እጅ ነስቼ ተቀመጥኩ።

ከስማዳ ሳጅን ፈንታሁን መጣ። የቆላ ሰው ነው፤ ጋይንትን ከረገጠባት ሰዓት ጀምሮ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ነው የከረመው። ከእስቴ ደግሞ ኢንስፔክተር ባዬ ከመካነ ኢየሱስ በሚኒባስ ደረሰ። ባዬ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ካልተናገረ የተናገረ አይመስለውም። ሦስታችን ሁለቱን ጥይቶች ጠረጴዛ ላይ አቁመን ለእርቅ እንደተጠራ ሽማግሌ ዙሪያቸውን ተቀመጥን። አንደኛዋ አፍንጫዋ ድቡልቡል ነው፤ «ድፍኗ» አልናት። ሁለተኛዋ ጫፏ ላይ ጎድጓዳ ቀዳዳ አላት፤ «አፈ ክፍቷ» አልናት።

«ድፍኗ በዚህ ገብታ በዚያ ትወጣለች። ትወጣለች» አለ ባዬ፣ ከሽጉጦቹ ጋር የመጣውን መመሪያ እያየ። «አፈ ክፍቷ ግን ሥጋ ስትነካ አፏ ይፈረከሳል። ይሰፋል። ስለሰፋች እዚያው ትቀራለች፤ ወደሌላ ሰው አትሻገርም። ክሊር ነው?»

«አልፋ ብትሄድስ ምን ቸገረን?» አለ ፈንታሁን እጁን በብብቱ ሸጉጦ። «ሌባው እንደሆነ ተመቷል።»

«ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። እሱ ነው። ፖሊስ ጥይት ሲመርጥ ሌባውን ትመታለች ወይ ብቻ አይልም፤ ከሌባው በኋላ የት ትሄዳለች ይላል።»

ይህን ስሰማ የቅዳሜ ገበያው ትዝ አለኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ገብስ ትሸጣለች። የምትቀመጠው በገበያው በር ከሚቆመው ዘብ ፊት ለፊት ነው። ቦታውን የመረጥኩላት ደግሞ እኔው ነኝ፤ «ፖሊስ ፊት ተቀመጪ፣ ማን አባቱ ይነካሻል» ብዬ። አሁን በሐሳቤ አየሁት፤ ዘቡ ሽጉጡን ወደ ገበያው ደግኗል፣ ፊቱ ሌባ አለ፣ ከሌባው ኋላ የገብስ ጆንያ አለ፣ ከጆንያው ኋላ የልጆቼ እናት አለች። ስለዚህ ኮሚቴነቴን የረገምኩትን ያህል መልሼ መረቅሁት። ይህችን ጥይት በትክክል ካልመረጥን ቤቴ ነው የሚፈርሰው።

መመሪያው ጥይት የሚሞከረው ጄላቲን በሚባል ነገር ላይ ተተኩሶ ነው ይላል።

«ጄላቲን ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ፈንታሁን።

ባዬ ስልኩን ነካክቶ አነበበ። «ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ፣ የሚረጋ ነገር ነው። የሚረጋ ነገር። የሰው ሥጋን ይተካል።»

«ከቆዳና ከአጥንት ከሆነማ ለኔ ተዉት» አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደዚህች የጎዳኝ የለም። ከቆዳ ነጋዴው እርጥብ ቆዳ፣ ገደል ከገባ በሬ ደግሞ አራት እግር ከነሸሆናው አገኘሁ። በጣቢያው ግቢ በርሜል ጥደን፣ ከሥሩ እሳት ለቀን፣ ጠዋት የጀመርነው ከቀትር በኋላ መንተክተክ ያዘ። ፈንታሁን ስማዳን ከለቀቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀውና ፈገግ አለ። እኔም በሥራዬ ኮራሁ። አንድ ነገር ብቻ ረስቻለሁ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ጾሙም ሁዳዴ ነው።

ነፋሳችን ሥራ አይፈታም። ሽታውን ከበርሜሉ አንስቶ፣ በአጥሩ አሻግሮ፣ ቀጥ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን አደረሰው። ሕዝቡ እህል ሳይቀምስ ቅዳሴ ቆሞ ውሎ እየወጣ ነው። የተቀቀለ የበሬ እግር ከፖሊስ ጣቢያ ሲሸተው ምን ይበል? ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከሁሉ ፊት የንስሐ አባቴ መምሬ ሞገስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ» አሉ በለሆሳስ፤ «ምንድን ነው የምትቀቅሉት?»

እኔ ቄስ ሲቆጣኝ ምላሴ ይተሳሰራል። «ሰው ነው አባቴ» አልኩ።

የሰው ምትክ ነው ማለቴ ነበር። መምሬ ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ከኋላቸው አንዲት እናት «እመቤቴ ድረሺ!» ብለው ጮኹ። ባዬ መሀል ገብቶ ነገሩን ሁለት ጊዜ ባያስረዳልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ወግ የምጽፈው ከሌላ ቦታ ነበር።

«አባቴ፣ አንበላውም፤ ልንተኩስበት ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«መች በላችሁት አልኩ? በጾመኛው አፍንጫ ላይ ግን ተኩሳችሁበታል» አሉ መምሬ። «ድፉት። መሞከራችሁን አልጠላሁም፤ የጾም ነገር ፈልጉለት።»

ደፋነው። የከተማው ውሻ ሁሉ ለጾም ግድ የለውምና በዚያ ቀን ፋሲካን አስቀድሞ አከበረ።

የሚረጋ፣ ወፍራም፣ የጾም ነገር ምን አለ? ጋይንት ውስጥ ተቀምጦ ይህን ለመመለስ ኮሚቴ አያስፈልግም። ማታ እቤት ገብቼ ጥሩወርቅን «ገንፎ ትሠሪልኛለሽ?» አልኳት።

«ደግ። ለስንት ሰው?»

«ለሰው አይደለም። ልንተኩስበት ነው።»

ማማሰያዋን አስቀምጣ ግንባሬን ዳበሰችው። ትኩሳት እንደሌለኝ ካረጋገጠች በኋላ ሥራ መሆኑን ነገርኳት። ስለ ዘቡና ስለ መቀመጫዋ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ምን ብዬ አስፈራራታለሁ? በማግስቱ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ሆና ማማሰያ የሚሰብር የገብስ ገንፎ በትልቁ ብረት ድስት አገነፋች። ሰው ቀጥረን ወደ ጣቢያው አስጫንነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ያን ያህል ገንፎ በአደባባይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ያየ የጋይንት ሴት ምን ብላ ታስባለች? አራስ አለች ብላ ነዋ! ገንፎው የገባው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ከጣቢያው ጀርባ የኮማንደሩ ቤት ነው፤ ስለዚህ የወለዱት የኮማንደሩ ባለቤት ናቸው። እሳቸው የመጨረሻ ልጃቸውን ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ያስመረቁ ሴት መሆናቸውን ማንም አላሰበም። እንዲያውም «ሣራስ በእርጅናዋ አይደል የወለደችው» እየተባባሉ፣ እልልታውን እያቀለጡት፣ ነጠላቸውን አደግድገው ግቢውን ሞሉት። ኮማንደሩ ግር ብሏቸው ከቢሮ ወጡ።

«ማን ወለደ?» አሉ።

«አንቱ!» አሏቸው።

በዚያው ቅጽበት አናጢው ገንፎው የሚረጋበትን ረጅም የጣውላ ሣጥን ተሸክሞ በበሩ ገባ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጥይቷ የምትሄድበት ርቀት እንድንለካ ረዘም አድርገው ብዬዋለሁ። እልልታው ቀስ በቀስ ወረደ። አንዲት አሮጊት ሣጥኑን አይተው፣ ገንፎውን አይተው፣ ኮማንደሩን አይተው «ነፍስ ይማር» አሉ። በአንድ ቀን ወለድንም ሞትንም። ኮማንደሩ ለእኔ የተናገሩትን አልጽፈውም፤ የተናገሩት በጾም ስለሆነ ኋላ ራሳቸው ንስሐ ገብተውበታል።

ለማንኛውም ገንፎው ሣጥን ውስጥ አድሮ ረጋ። ከከተማው ዳር፣ ከገበያው በር ማዶ፣ ድንጋይ የሚፈነቀልበት ካባ አለ፤ ጀርባው እንደ ግድግዳ የቆመ የአፈር ገደል ነው። እዚያ ወስደን፣ የፊቱን ጣውላ ነቅለን አቆምነውና ኮማንደሩ ባሉበት ባዬ ተኮሰ። ድፍኗ ገንፎውን ከዳር እስከ ዳር በስታ፣ ጣውላውን በስታ፣ ገደሉ ውስጥ ተቀበረች። አፈ ክፍቷ ግን መሀል ላይ ቀረች። በእጃችን ቆፍረን ስናወጣት አፏ እንደ ጥጥ ፍሬ ተከፍቷል። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ይህች ጥይት ከሌባው አታልፍም! ጆንያዋም ትድናለች፣ ባለጆንያዋም ትድናለች።

«ተመረጠች!» አለ ፈንታሁን። «በሉ እንውረድ፤ እግሬ ከኔ ጋር መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም።»

ኮማንደሩ ግን መመሪያውን እስከ መጨረሻው የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ ብርቅ ነገር ነው። «ሰው ራቁቱን ገበያ አይወጣም» አሉ። «በልብስ ላይም ይሞከር ይላል። ነገ እያንዳንዳችሁ የየአገራችሁን ልብስ ይዛችሁ ኑ። እያንዳንዳችሁም የራሳችሁን ተኩሱ።»

እዚህ ላይ ስለ አማቼ ልንገራችሁ። የጥሩወርቅ አባት አያ ዘለቀ እዚሁ ጋይንት፣ በቤተ ልሔም በኩል ገበሬ ናቸው። በወጣትነታቸው ጠመንጃ ከትከሻቸው ወርዶ የማያውቅ ሰው ስለነበሩ ልጃቸውን ለፖሊስ ሲድሩ ተኳሽ አማች ያገኙ መስሏቸው ነበር። ቁልፍ ጠባቂ መሆኔን ያወቁት ከሠርጉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሲመጡ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ «ቁልፉስ ደህና ነው?» ብለው ነው። ጥሩወርቅ ለእሳቸው የፋሲካ ስጦታ ዓመቱን ሙሉ ስትፈትል ከርማለች። ጋቢ ልታሠራላቸው ነው፤ ጥለቱ ሰማያዊ እንደሚሆን ሰባ ጊዜ ነግራኛለች። ያልነገረችኝ ሸማኔው ሠርቶ ማስረከቡን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥን ከፍቼ ጋቢ አወጣሁ። ያ የኔ አሮጌ ጋቢ ታጥቦ መቀመጡን አውቃለሁ፤ ያወጣሁትም ነጭ ነው፣ እጥፍጥፍ ብሎ ተቀምጧል። ቤቱ ጨለም ብሏል፣ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ቸኩያለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀምም አልችልም ነበር።

ፈንታሁን ከስማዳ ለብሶት የመጣውን የቆላ ስስ ሸሚዝ አምጥቷል። ተኮሰ፤ አፈ ክፍቷ ሸሚዙን አልፋ ገንፎው ውስጥ ቀረች። ባዬ ከእስቴ ደርቦት የመጣውን አሮጌ ካፖርት አምጥቷል። ተኮሰ፤ ትንሽ ራቅ ብላ ሄደች፣ ግን ቀረች። ተራዬ ደረሰ። እኔ ከሽጉጡ ጋር ስታገል ፈንታሁንና ባዬ ጋቢውን ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ እንደሚለበሰው አድርገው ሣጥኑ ላይ አለበሱት። ሽጉጥ ከተኮስኩ ስንት ዘመኔ! ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የትኛውን መጨፈን እንዳለብኝ ስላልወሰንኩ ሁለቱንም ጨፈንኩ። ስገልጥ ጋቢው መሀል ላይ ቀዳዳ አለ፣ የሣጥኑም የኋላ ጣውላ ከትናንቱ ሌላ ሁለተኛ ቀዳዳ አውጥቷል። አልፋ ሄዳለች!

«ተሳስታችሁ ድፍኗን አጉርሳችሁት ነው» አሉ ኮማንደሩ።

አልተሳሳትንም። ገደሉን ቆፍረን ጥይቷን አገኘናት። አልተፈረከሰችም። ያ ክፍት አፏ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሞላውም ጥጥ ነው። ጋቢው በራሱ አራት ድርብ ነው፤ ስታልፍ ጎርሳው፣ አፏ ተደፍኖ፣ ድፍኗ ሆና ነው የሄደችው። ባዬ ጥጡን በመርፌ ጫፍ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ግኝት ነው!» አለ። «ግኝት!»

እኔ ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ከጥጡ መሀል ሰማያዊ ክር አለ። አሮጌው ጋቢዬ ጥለት የለውም።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ኮማንደሩ መሸነፍ የማይወዱ ሰው ናቸውና ጥቂት አሰቡ። «የጋቢውን እንተወው» አሉ። «ሌባ ጋቢ ለብሶ አይሮጥም። ሁለቱ ልብስ ላይ ሠርታለች፤ አፈ ክፍቷ ትሻላለች ብለን እንጻፍና ይብቃን።» ፈንታሁን «አሜን» አለ፤ እሱ እንኳን አፈ ክፍቷን፣ ስማዳ የሚያደርሰው መኪና ከተገኘ ወንጭፍም ይመርጥ ነበር። ሦስቱም ወደ እኔ ዞረው «አንተስ?» አሉኝ።

አያችሁ የሰይጣንን ሥራ! ጋቢው ከተተወ ማስረጃ መሆኑ ይቀራል፤ ይዤው ሄጄ፣ ለሸማኔው እግሩ ላይ ወድቄ፣ ማንም ሳያውቅ ላስጠግነው እችላለሁ። ከተናገርኩ ግን ጋቢው ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ጥሩወርቅ ትሰማለች፣ አያ ዘለቀ ይሰማሉ። ዝም ብል የሚጎዳ ሰው የለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘቡ ፊት ከምትቀመጥ አንዲት ሴት በቀር። «ነገ ልንገራችሁ» አልኩና ጋቢውን በብብቴ ይዤ ወረድኩ። እስከ ቤቴ ድረስ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን አጥሮብኝ አያውቅም።

ጥሩወርቅ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ በሩን ስገባ ጠፋኝ። ጋቢውን ዘረጋሁላት። ቀዳዳውን አየችው።

«የአባቴን?» አለች።

«የኔ መስሎኝ ነው።»

ክሩን እያሻሸች «ጥይቷ በዚህ ገባች» አለች። «ከዚያስ የት ሄደች?»

«አልፋ ሄደች። እንደዚያ መሆን አልነበረባትም፤ ውስጥ መቅረት ነበረባት።»

«አልፋ ማን ጋ?»

ጥሩወርቅ የገበያ ሴት ናት፤ የዘቡን መቆሚያና የራሷን መቀመጫ በሐሳቧ ስትለካ አየኋት። «እኔ ጋ» አለች ራሷ። ከዚያ የተናገረችኝን ሁሉ የሚገባኝ ስለሆነ ተቀበልኩ፤ ግማሹ ስለ ጋቢው፣ ግማሹ ስለ መቀመጫው፣ ትርፉ ደግሞ ስለ ቤተሰቤ ነበር።

በማግስቱ ጋቢውን አጣጥፋ ይዛ ቀድማኝ ጣቢያ ገባች። እኔ ከኋላዋ እንደታሰረ ሰው ተከተልኩ። የኮማንደሩ ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ተገኘን። መናገር የኔ ፋንታ ነውና ጀመርኩ። «ኮማንደር፣ የጋቢው መተው የለበትም። ጥይቷ የምትያዘው ለኛ ገበያ ነው። ዘቡ አታልፍም ብሎ ተማምኖ ይተኩሳል፤ እሷ ግን ጋቢ ስታገኝ ታልፋለች። ሚስቴ እዚያ ጋ ናት።»

«ጋቢ የለበሰ ሌባ ሲሮጥ አይተህ ታውቃለህ?» አሉ።

ጥሩወርቅ ጋቢውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችው። «አንቱ» አለች፤ «እስቲ ይህን ቤት ይዩት።»

ሁላችንም አየን። ኮማንደሩ ራሳቸው ከደንብ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። ባዬ ጋቢ ደርቧል። እኔም ያን አሮጌውን ለብሻለሁ። ፈንታሁንማ የተዋሳቸውን ሁለት ጋቢዎች ደራርቦ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

«አንቱም ቢሮጡ ከነጋቢዎ ነው» አለች ጥሩወርቅ። «ሌባው ከሌላ አገር ነው እንዴ የሚመጣው? እሱን አይበርደውም?»

መጀመሪያ የሳቀው ፈንታሁን ነው፤ ከሁለት ጋቢ ውስጥ ሳቁ ብቻ ወጣ። ኮማንደሩ ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጋቢ ቀዳዳ ተመለከቱ፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «የጋቢው ይጻፍ» አሉ።

ባዬ መመሪያውን ደግሞ ሲያገላብጥ ሦስተኛ ዓይነት ጥይት እንዳለች አገኘ፤ የአፏ ቀዳዳ አስቀድሞ በለስላሳ ጎማ ስለተደፈነ ልብስ አይገባበትም። እሷ ትላክልን፣ በጋቢ ላይ እንሞክራት ብለን ጻፍን። መልሱ ሲመጣ «ትመጣለች» ይላል፤ እኔም ትመጣለች ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ዘቡን ከገበያው በር አነሳነውና ወደ ውስጥ አስገብተን ከገብስ ተራው ጎን አቆምነው። አሁን ሌባ ወደ በሩ ቢሮጥ ከበሩ ማዶ ያለው የካባው ገደል ብቻ ነው። ለዚህ ግዢም ፈቃድም አላስፈለገም፤ ሰውየው በገዛ እግሩ ሄዶ ቆመ። ጥሩወርቅ አሁን ያላት ስሞታ ዘቡ ቆሎዋን እየጨረሰባት መሆኑ ነው።

የጋቢው ነገር ግን አልቀረልኝም። ፋሲካ ደረሰ፤ አያ ዘለቀም መጡ። «ቁልፉስ ደህና ነው?» አሉኝ እንደ ልማዳቸው። ጥሩወርቅ ጋቢውን እንዳለ አምጥታ ጉልበታቸው ላይ አኖረችው። ቀዳዳውን በመርፌ ልትጠቅመው አስባ ነበር፤ «ነውሩ ተሰውሮ የተሰጠ ስጦታ አይባረክም» ብላ ተወችው። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ በስንጥቁ አያለሁ። አያ ዘለቀ ዘረጉት፣ ጥለቱን አደነቁ፣ ከዚያ ጣታቸው ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

«ይኼ የአይጥ አይደለም» አሉ። የጥይት ቀዳዳ የሚያውቅ ሰው ናቸው።

ጥሩወርቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ በርሜሉንም፣ ገንፎውንም፣ ኮማንደሩ መውለዳቸውንም፣ የዘቡንም ነገር አልተወችም። «ሰው ነው አባቴ» ያልኩት ጋ ስትደርስ ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የመቀመጫዋ ጋ ስትደርስ ግን ሳቁን ተዉት።

«አንተ» ብለው ጠሩኝ። ከበሩ ኋላ መሆኔን ለካ ያውቃሉ። «አንተ ነህ የተኮስከው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«መሀሉን ነው የመታኸው።»

ዓይኔን ጨፍኜ መተኮሴን ጥሩወርቅ አታውቅም ነበር፤ ስለዚህ አልነገረቻቸውም። እኔም አልነገርኳቸው፤ ይኸው አሁን ለእናንተ ነገርኩ። አያ ዘለቀ ጋቢውን ደርበው ቀዳዳውን ደረታቸው ላይ አስተካከሉት። «ደጀ ሰላም ሰው ቢጠይቀኝ አማቼ ተኮሰብኝ እላለሁ» አሉ። በድምፃቸው ውስጥ ኩራት መስማቴን እምላለሁ።

«ይስጡኝ፣ አባባ» አለች ጥሩወርቅ መርፌና ክር ይዛ። «አሁን ልጥቀመው።»

እጇን ያዙና ወደ ጎን አደረጉት። «ተይው» አሉ። «ጥይት በኔ ጋቢ ይለፍ እንጂ አንቺ ጋ አይድረስ።»

ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መርፌውን ቀሚሷ ላይ ሰካችው። እኔም ከበሩ ኋላ ወጥቼ፣ ካገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተቀመጥ ሳልባል ከአማቼ ጎን ተቀመጥኩ። ስለ ቁልፉ ዳግመኛ ማንም አልጠየቀኝም።